ቢላዋ የማያስፈልገው ዳቦ

«ሌዲ» የሚለውን ቃል ስንሰማ ጓንት ያጠለቀች፣ እጇን ሥራ የማይነካት ሴት ትታየናለች። የቃሉ ሥር ግን ሊጥ ውስጥ ነው። ቃሉ እንግሊዝኛ ከጀርመንኛና ከዘመዶቹ ጋር ከሚጋራው ጥንታዊ ምንጭ የተቀዳ ነው። ከሺህ ዓመት በፊት ከሁለት ቃላት የተገጠመ ነበር፤ አንዱ «ዳቦ»፣ ሌላው «አቡኪ» ማለት ነው። ጌታ ማለት የሆነው «ሎርድ»ም ከዚያው ከዳቦ ተነሥቶ «ዳቦ ጠባቂ» ማለት ነበር። በቤቱ የሚያድረው ሎሌ ሳይቀር «ዳቦ በሊታ» ይባል ነበር። እኛ እመቤትን የቤት እናት አልናት፤ እነሱ በእጇ ሥራ ጠሯት። ቤተሰቡ በሙሉ በአንድ ዳቦ ዙሪያ መሰየሙ እንዴት ደስ ይላል! ይህን ሳስብ ትዝ የምትለኝ ከዊንጌት ከፍ ብሎ የምትኖረው ጎረቤቴ አጸደ ናት።

ባሏ ወልደ ሥላሴ ዕድሜውን ጎሚስታ ቤት ጎማ ሲፈታና ሲገጥም የኖረ ሰው ነው። ባለፈው ክረምት ስትሮክ ቀኝ እጁን አደከመው። ጳውሎስ ሆስፒታል እየተመላለሰ ፊዚዮቴራፒ ይሠራል። ጣቶቹ መጨበጥ ጀምረዋል፤ ቢላዋ ለመያዝ ግን ገና ናቸው።

በዚህ መሀል የሥላሴ ማኅበር ተራ ደረሳቸው። በማኅበራቸው ልማድ ካህኑ ዳቦውን ከባረኩ በኋላ የሚቆርሰው የቤቱ አባወራ ነው። ወልደ ሥላሴ ወንድሙ ታረቀኝ እንዲቆርስለት፣ እሱ ራሱ ጓዳ ተኝቶ እንደሚቆይ ለሚስቱ ነገራት።

«በገዛ ቤቴ እንደ እንግዳ ተቀምጬ ሰው ሲያዝንልኝ አላይም» አላት።

አጸደ ዱቄቷን መንፋት ጀመረች።

ድፎ ዳቦ እንደምናውቀው አንድ ወጥ ነው። እሷ ግን ሊጡን ከወትሮው አላልታ አቦካችው። ኩፍ ሲል እየቆነጠረች በብርቱካን መጠን አድቦለቦለችው፤ እያንዳንዱን ዙሪያውን ዘይት ቀብታ፣ ኮባ ባነጠፈችበት መጋገሪያ ላይ ጎን ለጎን ደረደረችው። ዋናው ነገር ዘይቱ ነው። ሊጡ ሲያብጥ ድቡልቡሎቹ ይጠጋጋሉ፤ ከላይ ሲያዩት አንድ ዳቦ ይመስላል፤ ግን አይዋሃዱም።

ልታግዛት የመጣችው ጎረቤታችን ፀጋ ጎንበስ ብላ አየችና «ይሄ ዳቦ ነው ወይስ የእንቁላል ትሪ?» አለቻት።

«አንቺ እሳቱን እይልኝ።»

በማኅበሩ ቀን አጸደ ባሏ ወደ ጓዳ ሳይገባ ክንዱን ይዛ ከካህኑ አጠገብ አስቀመጠችው። ጸሎቱ አልቆ ዳቦው ተባረከ። ታረቀኝ ተነሥቶ ቢላዋ ጠየቀ።

«ቢላዋ አያስፈልገውም» አለችው፤ ዳቦውን ወደ ባሏ አስጠግታም «ወልዴ፣ ጀምርልን» አለች።

ወልደ ሥላሴ እሷን አየ፤ ዳቦውን አየ። ጣቶቹ ጫፍ ላይ ያለውን ድቡልቡል ጨበጡና ሳብ አደረጉት። ተላቀቀ። እሱን ለካህኑ ሰጠ፤ ከዚያ ለየሰዉ ማደል ቀጠለ። ጊዜ ወሰደበት። ማንም ሊያግዘው አልተነሣም። ታረቀኝም ሁለት እጁን ዘርግቶ ተራውን ጠበቀ።

በመጨረሻ ለአጸደ ሰጥቶ ለራሱም ያዘ። ቀስ ብሎ አላመጠ።

«ጨው አንሶታል» አላት።

ከታመመ ወዲህ ያቀረበችለትን ሁሉ አንድም ቃል ሳይወጣው ነበር የሚበላው። አጸደ በነጠላዋ ጫፍ ዓይኗን ጠረገች።

«ለሌላ ጊዜ እጨምራለሁ» አለችው።