ጥቁር ገብሴን ልጠይቅ የሄድኩ ለት

ወደ ዩኒቨርሲቲው የዕፅዋት ማዕከል የሄድኩት አበባ ለማየት አልነበረም። በአደራ የሰጠሁትን ዘር ልቀበል ነው የሄድኩት። የልጅ ልጄ እዚያው ሁለተኛ ዓመቷን ትማራለች። አንድ ቀን በስልክ ስናወራ፣ "እምዬ፣ ግቢያችን ውስጥ የአገሩን ዛፍና እህል ሰብስበው የተከሉበት ቦታ አለ፤ የከተማ ሰው እየመጣ ፎቶ ይነሣበታል። የስማዳ ጥቁር ገብስ የሚል ታፔላም አይቻለሁ" አለችኝ። ስልኩን ሳልዘጋ እሄዳለሁ ብዬ ወሰንኩ።

የምንኖረው ስማዳ ውስጥ፣ ከወገዳ ከተማ በእግር ግማሽ ቀን የሚያስኬድ ደጋ ላይ ነው። መሬታችን ስስ ነው፤ ድንጋዩ ከአፈሩ ይበልጣል። ቤታችንን ይዞት የኖረው አንድ ጥቁር ገብስ ነበር። እኔ ከአማቴ ተቀበልኩት፣ እሷም ከአማቷ። ቁመቱ አጭር፣ ምርቱም ከነጩ ገብስ ያነሰ ነው፤ ግን ይቀድማል። የሰው ሁሉ አዝመራ ገና አረንጓዴ ሳለ የእኛው በነሐሴ መጨረሻ ይደርሳል። በእኛ አገር ክፉው ጊዜ እሱ ነው፤ የአምናው እህል አልቆ የዘንድሮው ያልደረሰበት። ያንን ጊዜ የሚያሻግረን ጥቁሩ ገብስ ነበር።

ሁለት ዓመት በተከታታይ ተመታን። በአንዱ ዓመት ገብሱን በረዶ አረገፈው። በሁለተኛው ዝናቡ በሐምሌ ቆመና ገብሱ ሳያፈራ ደረቀ። ቤት ውስጥ የቀረው ለዘር ያስቀመጥነው ብቻ ሆነ። በዚያው ሰሞን የታናሹ ልጄ ሚስት ወለደች፤ ጡቷ ግን ደረቀ። ዘር እንደማይበላ ከልጅነቴ ጀምሮ አውቃለሁ። ቢሆንም ጎታውን የከፈትኩት እኔ ነኝ፤ የፈጨሁትም፣ አጥሚት አድርጌ ለአራሷ ያጠጣኋትም እኔ ነኝ። ወንዶቹ አላዘዙኝም፤ ማንንም አላስፈቀድኩም። ሕፃኗ ክርስትና ሳትነሣ ሞተች። እናቲቱ ተረፈች። ዘሩ አለቀ። ከእኛ ዘር የወሰዱ ጥቂት ጎረቤቶችም ቀድመው ጨርሰውት ነበር።

ከዚያ በኋላ በርዳታ የስንዴ ዘር ታደለን። ስንዴው የሚደርሰው በኅዳር ነው። በኅዳር የሚደርስ እህል በጳጉሜን ለተራበ ሰው ምን ያደርግለታል?

የቀረኝ ተስፋ አንዲት ልጅ ነበረች። ከብዙ ዓመት በፊት፣ የልጅ ልጄ ገና ሁለተኛ ክፍል ሳለች፣ ከዩኒቨርሲቲው አንዲት ወጣት ሴት ከሾፌር ጋር ዘር እየሰበሰበች መጥታ ነበር። ቀጭን ናት፤ ትሑት ናት። ቤቴ አደረች። ስለ ገብሱ አንድ በአንድ እየጠየቀች ጻፈች፤ በሌሊት ተነሥታም አብራኝ ውኃ ቀዳች። አንድ ቁና ሰጠኋት። ስትሄድ ጉልበቴን ስማ፣ "እማማ፣ ዘርዎ እኛ ዘንድ ይቀመጣል። ቢጠፋብዎ መጥተው ይወስዳሉ" አለችኝ። የት እንዳስቀመጡት ግን እስከዚያ ስልክ ድረስ አላውቅም ነበር።

ልጆቼ የገብሱን ማሳ ሁለት ጊዜ አርሰው መጠበቅ ጀመሩ። እኔም መንገዱ እየተዘጋ ሁለት ጊዜ ከወገዳ ተመለስኩ። በሦስተኛው ተሳካልኝና በታች ጋይንት በኩል ንፋስ መውጫ ገብቼ አደርኩ፤ በማግስቱ በሚኒባስ የዩኒቨርሲቲው ከተማ ደረስኩ። ጊዜው የግንቦት መጀመሪያ ነው፤ ልንዘራ ጥቂት ሳምንት ቀርቶናል። የልጅ ልጄ ከመናኸሪያው ተቀብላኝ በቀጥታ ወደ ማዕከሉ ወሰደችኝ።

በሩ ላይ ጥበቃው ቋጠሮዬን አስፈትቶ ቂጣዬን ሳይቀር እያገላበጠ ያያል። በዚህ መሐል አንድ ነጭ መኪና ሳይቆም አለፈ።

"እነሱን ለምን አልፈተሽክም?" አልኩት።

"እማማ፣ እነሱ እንግዶች ናቸው።"

"እኔስ? የዚህ ቤት ምራት ነኝ?"

ሳቀ። "እርስዎ ቋጠሮ ይዘዋላ።"

"እነሱ መኪና ይዘዋል። ከቋጠሮና ከመኪና ብዙ የሚደብቀው የቱ ነው?"

የልጅ ልጄ ክንዴን ሳበችኝ። እኔ ግን መኪናው ካልተፈተሸ አልንቀሳቀስም ብዬ በሩ መሐል ቆምኩ። ከኋላዬ ሌላ መኪና ጡሩንባውን ይነፋል። ጥበቃው ሲቸግረው ሄዶ የነጩን መኪና የኋላ በር አስከፈተ። አንድ ጎማና የውኃ ጠርሙስ ነበረበት።

"አሁን ደስ አለዎት?"

"ደስታ አይደለም። እኩል ሆንን እንጂ።"

ውስጡ ያምራል፤ አልዋሽም። ኮሶው፣ ዋንዛው፣ ጽዱ፣ ወይራው በረድፍ ቆሟል፤ እያንዳንዱ ስሙ የተጻፈበት ብረት ተተክሎለታል። የከተማ ሰዎች ጥላ ይዘው በጠጠሩ መንገድ ይንሸራሸራሉ። ሳማን እንኳ በድንጋይ ከበው ውኃ ያጠጡታል።

"ይሄን ደግሞ ምን ሊያደርጉት ነው?" አልኩ።

"መድኃኒት ነው እኮ እምዬ። ያጠኑታል።"

"እኛ ጓሮ መጥተው ያጥኑት። እኔ ጠዋት ጠዋት በማጭድ ነው የማጠናው።"

ወዲያው አንዲት ጥቁር መነጽር ያደረገች ሴት ፎቶ ልትነሣ ወደ ሳማው ስትጠጋ ለበለባትና ጮኸች። ሁለታችንም በነጠላችን ተሸፍነን ሳቅን። በዚያ ቀን ሌላ ሳቅ አልነበረኝም።

የሰብሉ መደቦች ከዛፎቹ በስተጀርባ ናቸው፤ እያንዳንዱ የመደብ አልጋ ያህል ይሰፋል። ፊደል የቆጠርኩት በመሠረተ ትምህርት ጊዜ ነው፤ ቀስ ካልኩ አነባለሁ። ታፔላዎቹን አንድ በአንድ እያነበብኩ ሄድኩ። "ጥቁር ገብስ። መገኛ፦ ስማዳ" ይላል አንዱ። ከሥሩ ያለው መደብ ባዶ አፈር ነው። ጉንዳን ይመላለስበታል።

"በጋ ስለሆነ ነው" አለች የልጅ ልጄ። "ዘሩን ቢሮ አስቀምጠውት ይሆናል።"

ቢሮው ውስጥ የማዕከሉን ሥራ የሚመራ አንድ ሰው አገኘን፤ ዕድሜው ከትልቁ ልጄ ጋር ይሄዳል። ተነሥቶ ወንበር ሰጠኝ። የመጣሁበትን ነገርኩት፤ ልጅቷ የሰጠችኝን ቃልም ነገርኩት። ሙሉውን አልፈልግም፣ እፍኝ ቢሆን ይበቃኛል፤ እፍኙን ጓሮዬ ዘርቼ በሁለት ዓመት አባዛዋለሁ አልኩት። ከመደርደሪያው ጠርዙ የተበላ መዝገብ አውጥቶ ብዙ ገለበጠ። አንዱ ገጽ ላይ ሲደርስ እጁ ቆመ።

"እማማ፣ እውነቱን ልንገርዎት። አልበቀለም።"

"የቱ?"

"የእርስዎ ገብስ። ሁለት ጊዜ ተዘርቷል። አንዲት ፍሬ አልበቀለችም። ታፔላው አስቀድሞ ተሠርቶ ስለነበር እንዲሁ ቀረ።"

"ለምን አልነገራችሁኝም?" ብዬ ጮኽኩ። "ስትወስዱ መንገዱን አውቃችሁት ነበር! ያኔ ብትነግሩኝ ጎታዬ ሙሉ ነበር፤ ሌላ ቁና እሰጣችሁ ነበር!"

አንገቱን ደፋ። "ልክ ነዎት። ጥፋት ነው። ያመጣችው ልጅ በአያያዝ አበላሽታው ነው ተብሎ ተወሰነ። ክረምት ላይ ነበር የመጣችው፤ ዘሩ ርጥበት እንዲገባበት አድርጋለች ተብላ ተገመገመች። ከዚያ በኋላ ወደ ገጠር አልተላከችም። ቆይታም ሥራውን ትታ ሄደች።"

ይህን ስሰማ ቁጣዬ ዞረ። ያች ውኃ የቀዳችልኝ ልጅ! "ውሸት ነው!" አልኩት። "ምን ርጥበት? እኔ ራሴ አይደለሁም እንዴ ያዘጋጀሁት? በትኩስ አመድ አሳልፌ፣ ነፍቼ፣ ቋ ቋ እስኪል አድርቄ፣ በስልቻ ቋጥሬ ነው የሰጠኋት። ውኃ በየት በኩል ይገባበታል?"

ሰውየው ቀና አለ። "በትኩስ አመድ?"

"አዎ።"

"ምን ያህል የጋለ?"

"እጅ አይገባበትም" አልኩ። ከዚያ የተናገርኩትን ራሴ ሰማሁት።

በእኛ ዘንድ ዘር ለባዳ ሲሰጥ እንዲሁ አይወጣም። በምድጃው ትኩስ አመድ ውስጥ ይቀበርና አቡነ ዘበሰማያት እስኪደገም ይቆያል፤ ከዚያ ይነፋል። የቤቱ ረድኤት ከዘሩ ጋር እንዳይወጣ ነው። አማቴ ስታደርግ አይቻለሁ፤ እኔም ሳደርግ ኖሬያለሁ። ለጎረቤት የምንሰጠውን አመድ አናስነካም፤ ጎረቤት የቤት ያህል ነው። ባዳ ግን ዘሩን ይዞ ከሄደ ተመልሶ አይመጣም፤ ይብቀል አይብቀል ያየ ሰው ኖሮ አያውቅም። እኔም አንድ ቀን አስቤበት አላውቅም። በዚያ ላይ ልጅቷ በመኪና ስለመጣች፣ ረድኤቱ በጣም ሩቅ እንዳይሄድ ብዬ አንድ ጊዜ አልበቃኝም። ሦስት ጊዜ ደግሜያለሁ።

ይህንኑ ነገርኩት። ብዕሩን አስቀመጠ።

"እንግዲያ ያኔውኑ ሞቷል ማለት ነው" አለ፤ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። "ይሁን እማማ፣ አያውቁም ነበር። ያለፈ ነገር ነው" ብሎ መዝገቡን ሊያጥፍ ሲል እጄን ገጹ ላይ ጫንኩ።

"ጻፍ" አልኩት።

"ምን ልጻፍ?"

"ያልኩህን። ልጅቷ ላይ የተጻፈው እንዳለ ይቀራል እንዴ?"

የልጅ ልጄ ወደ ጆሮዬ ጎንበስ አለች። "እምዬ፣ ተይ ባክሽ። እዚህ እኮ ነው የምማረው። የማን ልጅ ናት ሲሉኝ ..."

"ያችስ የት የተማረች ይመስልሻል?"

ሰውየው ጻፈ። ሲጨርስ የልጅ ልጄን አንብቢልኝ አልኳት። እያፈረች አነበበች፦ "በአካባቢው ልማድ መሠረት ዘሩ ለሙቀት በመጋለጡ የመብቀል ኃይሉን አጥቷል።"

"ልማድ ማን ነው?" አልኩት። "ልማድ ወንበር ላይ ተቀምጦ ተገምግሟል? ልጅቷ ናት የተገመገመችው። ዘሩን የሰጠችው ሴት ራሷ በትኩስ አመድ ገደለችው፣ ልጅቷ ጥፋት የለባትም ብለህ ጻፍ። ስሜንም ከነአባቴ ጻፍበት።"

"እማማ፣ እንዲህ አይጻፍም።"

"በእሷ ላይ ሲሆን እንዴት ተጻፈ?"

ሰርዞ እንዳልኩት ጻፈው። ይፈርሙ አለኝ፤ ፈረምኩ። ልጅቷ ያለችበትን ፈልጎ እንደሚነግራት ቃል ገባልኝ፤ ይንገራት አይንገራት እስከ ዛሬ አላውቅም። ወዲያው ሌላ ሣጥን ከፍቶ የሌላ አገር ነጭ ገብስ ሊሰጠኝ ፈለገ። በስንት ወር እንደሚደርስ ጠየቅሁት። ከእኛ ነጭ ገብስ አይቀድምም። አመስግኜ ተውኩለት፤ ለጓሮ የሚሆን የጎመን ዘር ብቻ ተቀበልኩ። የልጅ ልጄ ከፊት ከፊቴ እየሄደች መናኸሪያ ድረስ ሸኘችኝ።

ቤት ስደርስ ልጆቼ ከደጅ ቆመው እጄን እጄን ያያሉ። ቁጭ አድርጌ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ነገርኳቸው። ትልቁ ልጄ፣ "በዚህ ዓለም ላይ የቀረ የለም በይን" አለ። የለም አልኩት። ታናሹ ተነሥቶ ወጣ፤ ሚስቱም ተከተለችው። እስከ ማታ አልተመለሱም።

በሚቀጥለው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሴቶቹን ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጽር ውጭ ሰብስቤ ይህንኑ ተናገርኩ። ሌላም ቤት የራሱ ዘር አለው፤ ባዳ ሲመጣ አመድ አታስነኩ፤ አንድ ቀን የእናንተም ሲጠፋ የምትሄዱበት ይኑራችሁ አልኳቸው። ገሚሶቹ አዘኑልኝ። አንዷ እኩያዬ ግን በትሯን ተደግፋ አፈጠጠችብኝ።

"አሁን አንቺ ዘርሽን ስለፈጀሽ የእናቶቻችንን ሥርዓት ልታስተይን ነው?"

"የናንተ እንዲተርፍ ብዬ ነው።"

"አንቺ ሦስት ጊዜ ደገምሽበት። እኔ የምደግመው አንዴ ነው" አለችና ሴቶቹን ይዛ ሄደች።

በሰኔ ሁለት ጊዜ በታረሰው ማሳ ላይ ስንዴውን ዘራን። በነሐሴ መጨረሻ ስንዴው ከጉልበት አላለፈም ነበር። ጎመን እየቀቀልን ቆየን።