ኤክስ ያልተደረገባት ዓረፍተ ነገር

ቲቸር ሣህሉን «ዝምተኛ ሰው ነበሩ» የሚል ሰው ሲያጋጥመኝ ደሜ ይፈላል። ዝምተኞቹስ እኛ ነበርን።

ከሸዋ ወደ እኛ ቡና አብቃይ አገር መጥተው ጅሬን ላይ ቤት ተከራይተው የሚኖሩ የእንግሊዝኛ አስተማሪያችን ነበሩ። ጠዋት ጠዋት አንድ ቃል ሰሌዳው ላይ ይጽፋሉ፣ ትርጉሙን ያስረዱናል፣ ከዚያ እያንዳንዳችን ከገዛ ኑሯችን ዓረፍተ ነገር እንሠራበታለን። ከመጽሐፍ የገለበጠ ዜሮ ያገኛል።

በ1970 ዓ.ም. አንድ ሰኞ የጻፉት ቃል «ፕሮፐር» ነበር።

«ሰው ሁሉ ይገባል ብሎ የተቀበለውን ወግ የጠበቀ ማለት ነው» አሉን። «ውድ ማለት አይደለም፤ ቆንጆ ማለትም አይደለም። እንግዳን ተነስቶ መቀበል ፕሮፐር ነው። ያልበሰለውን ቡና ከቀዩ ቀላቅሎ ማስረከብ ፕሮፐር አይደለም።»

ከቡና ገበሬው አገር ከሰቃ የሚመጡት ልጆች ሳቁ፤ ቤታቸው የሚሠራውን ያውቁታላ።

እኔ አልሳቅኩም። ወንድሜ ቲጃኒ ከተገደለ አሥራ አንድ ቀኑ ነበር። ልብስ ሰፊው አባቴ ሙሐዲን ለከፈን የገዛውን ነጭ አቡጀዲ በብብቱ ይዞ፣ ሬሳውን ሊለምን ቀበሌ ሄዶ ነበር። ካድሬው «አብዮት ለጠላቱ ከፈን አያለብስም፤ ብታለቅሱ ደግሞ ወዮላችሁ!» ብሎ አባረረው። ጎረቤት እንኳ ለቅሶ አልደረሰንም። እኔም ደብተሬ ላይ በእንግሊዝኛ «ወንድሜ ፕሮፐር ቀብር አላገኘም» ብዬ ጻፍኩ።

ቲቸር አነበቡት። ከዚያ በቀይ እስክሪብቶ ከአሥር አሥር ሰጡኝ።

ረቡዕ ያው ካድሬ ክፍላችን ገባ። ማን እንደነገረው ዛሬም አላውቅም፤ ባውቅ ይቅር አልለውም። ደብተሬን ጠረጴዛው ላይ ወረወረው።

«ጓድ ሣህሉ፣ ተማሪዎቹ ፊት ይህቺ ላይ ኤክስ አድርግ። ስህተት ናት በል። ከዚያ ሥራህን ትቀጥላለህ።»

«ምኗ ላይ ነው ስህተቷ?»

«ፀረ አብዮተኛ ወግ አይገባውም!»

«ቀብር ለሰው ሁሉ ይገባል። ልጅቷ ቃሉን እንደሚገባው ተጠቅማበታለች። ኤክስ አላደርግም።»

«ማነው እንዲህ ብላ እንድትጽፍ ያስተማራት?»

«እኔ ነኝ። እሷን ተዋት።»

አስነስቶ ወሰዳቸው። ሃምሳ ሁለት ተማሪዎች ነበርን፤ አንዳችንም ትንፍሽ አላልንም። እኔም ጭምር! በዚህ እስከ ዛሬ ራሴን እረግማለሁ።

ሁለት ዓመት ታሰሩ። ሲፈቱ ማስተማር ተከለከሉ። ስንቱን ያስተማረ ሰው አሰንዳቦ ከተማ መጋዘን ውስጥ የቡና ጆንያ ሲመዝን ኖረ፤ ያበግናል። በ1979 ዓ.ም. እዚያው ታመው ሞቱ።

አባቴ ሲሰማ ሣጥኑን ከፍቶ አቡጀዲውን አወጣ። አብረን አሰንዳቦ ሄድን። ሲያስታምሟቸው የነበሩት አከራያቸው ወይዘሮ የኔነሽ ጨርቁ የማን እንደነበር ሲሰሙ ደነገጡ።

«እንዴት ይሆናል? የልጅዎ እኮ ነው!»

«ዋላሂ፣ ለልጄ ነበር የገዛሁት» አለ አባቴ። «ለእሱ ተከለከልኩ። ለእሳቸው ማን ይከለክለኛል?»

ቲቸር ሣህሉ በዚያ አቡጀዲ ተገንዘው፣ ክርስቲያኑም እስላሙም ተሸክሟቸው፣ ቤተ ክርስቲያን ተቀበሩ። እኔም ዘጠኝ ዓመት ያፈንኩትን ለቅሶ ጮኼ አለቀስኩት፤ ማንም ዝም በይ አላለኝም። ቲጃኒን የት እንደጣሉት ግን እስከ ዛሬ የነገረን የለም።