የሐዱሽ ባላባት

ሾላ ገበያ አጠገብ ቤት ተከራይቶ ፀጉር የሚያስተካክለው ሐዱሽ ወግ ሲያወራ አንድ ዘዴ ነበረው። የባለታሪኩን መልክ ወንበሩ ላይ ከተቀመጠው ደንበኛ ይወስዳል። ደንበኛው ፍንጭት ከሆነ ጀግናውም ፍንጭት ነው፤ ደንበኛው ኮልታፋ ከሆነ ጀግናውም ጦር ሜዳ መሐል ይኮላተፋል። ሰው ራሱን ወግ ውስጥ ሲያገኝ ደስ ብሎት ተመልሶ ይመጣል። እውነቱን ለመናገር ሐዱሽን ከመቀሱ ይልቅ ያበላው ምላሱ ነበር።

ታዲያ አብዮቱ መጣና ለወግም መመሪያ ወጣለት። በስልሳ ዘጠኝ ክረምት የቀበሌው ሊቀመንበር ጓድ ተካልኝ፣ የቀበሌ ሱቅ ተከራይ ሁሉ አዳራሽ ውስጥ በነዋሪው ፊት ቆሞ የሕይወት ታሪኩን ይናገር አለ። ታሪኩ በብዝበዛ ይጀምራል፣ በትግል ያልፋል፣ በድል ያልቃል። ይህን ያላሟላ ሱቁን ያስረክባል።

ሐዱሽ ጨነቀው። አባቱ አክሱም አጠገብ የገዛ ርስታቸውን ሲያርሱ የኖሩ ሰው ናቸው፤ የበዘበዛቸው ቢኖር አንበጣ ብቻ ነው። ሚስቱ ንግሥቲ ግን ሳቀችበት።

«አንተ ሰውዬ፣ ለሰው ስንቱን ስትፈጥር ኖረህ ለራስህ አንድ ባላባት ያቅትሃል?»

ተራው ደርሶ ቆመ፤ አፉ እንደሆነ ለምዷል። አባቱን ግንድ ላይ አስሮ የሚገርፍ ባላባት ፈጠረ። አዳራሹ ከንፈሩን መጠጠ። ባላባቱ አሁን መልክ አስፈለገው፣ የሐዱሽም ዓይን እንደ ልማዱ ፊት ለፊቱ የተቀመጠው ሰው ላይ አረፈ።

«ሲፈርድ ጆሮውን በክብሪት እንጨት ይጎረጉራል። አንድ ቃል ለመናገር ሦስቴ ጉሮሮውን ይጠርጋል...»

ከኋላ አንዲት ሴት ሳቋ አመለጣትና በነጠላዋ አፈነችው። ሐዱሽ ያኔ ነቃ። የጓድ ተካልኝ ክብሪት እንጨት ጆሮው ውስጥ እንዳለ ቆሟል።

አሁን ሱቁ ቀርቶ ነፍሱ አሳሰበችው። ባላባቱን ቢገድለው ሊቀመንበሩን መግደሉ ነው፤ ሳይቀጣ ቢለቀው ፀረ አብዮት መባሉ ነው።

«በመጨረሻ ግን» አለ ጮክ ብሎ፣ «ያ ባላባት ተጸጸተ! ስሙን ለወጠ፣ አዲስ አበባ ገባ፣ ዛሬ ሰፊውን ሕዝብ በቅንነት ያገለግላል!»

አዳራሹ በጭብጨባ ተናወጠ። ጓድ ተካልኝም ዘግይቶ አጨበጨበ። ሱቁ ተረፈ።

በማግስቱ ጠዋት ሊቀመንበሩ ያለ ጠባቂ መጣ። በሩን ከውስጥ ዘግቶ ወንበሩ ላይ ተቀመጠ። ሐዱሽ ፊቱን በሳሙና አረፋ ሸፍኖ ምላጩን ጉሮሮው ላይ ሲያሳርፍ፣ የሰውየው ድምፅ ቀስ ብሎ ወጣ።

«ስሜን መለወጤን ማን ነገረህ?»

የሐዱሽ እጅ ባለበት ቆመ።