አቶ አርአያ የከሱበት ዓመት

አቶ አርአያ ካዛንቺስ ውስጥ ለሽምግልና የሚፈለጉ ሰው ነበሩ። ለልጁ ሚስት ሊያጭ ያሰበ አባት መጀመሪያ የሚያንኳኳው የእሳቸውን በር ነው። ንግግር አዋቂ ስለሆኑ እንዳይመስላችሁ፤ ሽምግልና ሄደው ከሰላምታ ያለፈ ነገር የተናገሩበት ጊዜ ጥቂት ነው። የሚፈለገው ሰውነታቸው ነበር። ቁመታቸው ረጅም፣ ትከሻቸው ሰፊ፣ ሆዳቸው ከእሳቸው ቀድሞ በር የሚገባ ሰው ነበሩ። እሳቸው ሶፋው ላይ ተደላድለው ሲቀመጡ የሴቷ ቤተሰብ፣ ልጃችን የምትገባው ጥጋብ ያለበት ቤት ነው ብሎ ያለ ንግግር ይረዳል።

በአንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት የበጀት ባለሙያ ናቸው። ባለቤታቸው ወይዘሮ ሲምረት መምህርት ናቸው። ሁለቱም በወጣትነታቸው ከማይጨው የመጡ ሲሆኑ፣ ቤት ውስጥ በትግርኛ ይጨቃጨቃሉ፣ እንግዳ ሲመጣ በአማርኛ ይስማማሉ።

አቶ አርአያ መጠጥ አይቀምሱም። ሽታው አይስማማቸውም እንጂ ሌላ ምክንያት የላቸውም። ሌላው ቢራ ሲያዝ እሳቸው ለስላሳ ያዛሉ፤ ሌላው ሲደግም እሳቸውም ይደግማሉ። ሻይ ሲጠጡ ስኳሩ እስኪሟሟ አይጠብቁም፤ ቢጠብቁም አይሟሟም።

በ1999 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ ድካም ጀመራቸው። በቀኝ ጎናቸው በኩል፣ ከጎድናቸው ሥር፣ የሚያም ሳይሆን የሚከብድ ነገር ይሰማቸዋል። የመሥሪያ ቤቱን ደረጃ ሲወጡ መሀል ላይ ቆመው መስኮት የሚያዩ ይመስላሉ። ስብሰባ ላይ ይተኛሉ። ስብሰባ ላይ መተኛት በመሥሪያ ቤቱ አዲስ ነገር ስላልሆነ ማንም ልብ አላለም። ነገሩ የታወቀው ሥጋ ቤት ነው። ቁርጥ ቀርቦላቸው፣ ቢላዋውን እንደያዙ አንቀላፉ። አብሯቸው የነበረው የሥራ ባልደረባቸው ደጋጋ ደነገጠ።

«አርአያ! ሥጋ ቀርቦ እኮ ነው!»

«አውቃለሁ» አሉ አቶ አርአያ ዓይናቸውን ሳይገልጡ።

ደጋጋ በማግስቱ ኦሎምፒያ አካባቢ ወደሚገኝ ክሊኒክ ይዟቸው ሄደ። እዚህ ድረስ ከመጣሁማ ብሎ እሱም ተመረመረ። ደጋጋ ከሥራ ሲወጣ በቀጥታ ወደ መጠጥ ቤት የሚሄድ፣ ይህንንም ለማንም የማይደብቅ ሰው ነው። ሁለቱም ተራ በተራ ሆዳቸውን ቀዝቃዛ ቅባት ተቀብተው አልትራሳውንድ ተነሡ። ከዚያ ዶክተር ጦቢያ የምትባል ወጣት ሐኪም አስገባቻቸው።

«የእርስዎ ደህና ነው» አለችው ደጋጋን። «ጉበትዎ ንጹሕ ነው።»

ደጋጋ ራሱ አላመነም። «የኔ መሆኑን እርግጠኛ ነሽ?»

ወደ አቶ አርአያ ዞረች። «እርስዎ ግን ጉበትዎ ላይ ስብ ተከማችቷል። መጠጥ ያዘወትራሉ?»

«አልጠጣም።»

«ማለቴ፣ አልፎ አልፎስ?»

«ቀምሼ አላውቅም።»

ሐኪሟ ደጋጋን አየችው። ደጋጋ «እውነቱን ነው» ብሎ መሰከረ፤ ግን አመሻሹን ሊጠጣ ያሰበው ከወዲሁ ከአፉ ይሸት ስለነበር ምስክርነቱ ብዙም አልጠቀመም።

«ያለ መጠጥም ይመጣል» አለች በመጨረሻ። «ከውፍረት፣ ከስኳር፣ ከቅባት፣ ከመቀመጥ። ጾም ይጾማሉ?»

«አንድም አላስታጉልም።»

«ጥሩ። ሲፈታስ?»

«ሲፈታ ያመለጠኝን አካክሳለሁ።»

መድኃኒቱን ጠየቋት። ለዚህ የሚዋጥ ነገር እንደሌለ፣ ለስላሳውንና ስኳሩን ትተው፣ ቅቤና ሥጋ ቀንሰው፣ በየቀኑ በእግር መሄድ እንዳለባቸው ነገረቻቸው። ካልሆነ ጉበቱ እየቆሰለ፣ እየጠነከረ ሊሄድ ይችላል አለች። አቶ አርአያ መርፌ ቢሆን ይመርጡ ነበር። ደጋጋ በበኩሉ ንጹሕ ጉበቱን ለማክበር በዚያው ወጣ።

ባልደረባን ማማት የማይወደው ደጋጋ በማግስቱ ለመላው መሥሪያ ቤት ያለው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ «አርአያ ጉበቱን ታሟል።» የቀረውን ሰዉ ራሱ ሞላው። የመምሪያው ኃላፊ አቶ አርአያን ቢሮው ጠርቶ በሩን ዘጋና፣ ሰው ሁሉ ድክመት እንዳለው፣ እሱም ወጣት ሳለ ይጠጣ እንደነበር፣ ፈቃድ ከፈለጉ እንደሚሰጣቸው በአክብሮት ነገራቸው። አቶ አርአያ ቀምሼ አላውቅም አሉ። ኃላፊው መካድ የሕመሙ አንዱ ምልክት መሆኑን ከአንድ ቦታ ሰምቶ ነበርና ራሱን በሐዘን ነቀነቀ።

ቤት ውስጥ ወይዘሮ ሲምረት ቅቤውን ጎረቤት ሰጡ፤ ስኳሩን የት እንዳደረጉት እስከዛሬ አይታወቅም። አቶ አርአያ በየማታው ጎመን ሲቀርብላቸው እንደማያውቁት ሰው ያዩታል።

በእግር መሄዱ ደግሞ የባሰ ነበር። ካዛንቺስ ውስጥ ከነቮልስ መኪናው ለታወቀ ሰው በእግር መሄድ ቀላል አይደለም። ገና ባምቢስ ሱፐርማርኬት ሳይደርሱ አንድ መኪና ጥግ ይይዛል።

«ጋሽ አርአያ! ቮልሷ ምን ሆነች?»

«ደህና ናት። ልራመድ ብዬ ነው።»

«ምን ይራመዳሉ፣ እኛ እያለን! ይግቡ!»

ተዉኝ ቢሉ ይሉኝታ ይመስላል። ጎትተው አስገብተው በር ላይ ያወርዷቸዋል። አንዳንዱ የትራንስፖርት ችግር እንደገጠማቸው ለሌላው ነግሮ ስለነበር ጠዋት ጠዋትም የሚወስዳቸው ሰው መምጣት ጀመረ። ከመታመማቸው በፊት እንኳ ያን ያህል ተቀምጠው አያውቁም። በመጨረሻ መላ አገኙ፤ ቮልሷን ኦሎምፒያ ጋ አቁመው፣ ማንም ወደማያውቃቸው ወደ ላንቻ ሰፈር መሄድ ጀመሩ። እጃቸውን ወደኋላ አጣምረው፣ ቀስ እያሉ፣ አንዳንዴም ትንፋሽ ለመሰብሰብ ቆመው የሰው አጥርና ጣሪያ እያዩ።

ክረምቱ ሲገባ ከሱ። ሐኪሟ ደስ አላት። ደስ ያላት ግን እሷ ብቻ ነበረች። ኮታቸው መስቀያ ላይ እንደተሰቀለ ሆኖ ይወዛወዝባቸዋል። ቀበቷቸው አዲስ ቀዳዳ ተበጀለት። በዚያ ዘመን ድንገት የከሳ ሰው ምን እንደሚባል ይታወቃል፤ ማንም አፍ አውጥቶ አይናገርም፣ ሁሉም ግን ድምፁን ዝቅ ያደርጋል። ጎረቤታቸው ወይዘሮ ሸዋዬ አንድ ቀን በር ላይ ይዘዋቸው እንባቸው መጣ።

«አይዞዎት፣ አቶ አርአያ። አሁን እኮ መድኃኒቱ በነጻ ሆኗል።»

«የኔ መድኃኒት የለውም» አሉ አቶ አርአያ።

ወይዘሮ ሸዋዬ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ወደ ቤታቸው ሮጡ። በሳምንቱ የእድሩ ሰዎች «እንዲሁ ለጥየቃ» መጡና ሳሎኑን በዓይናቸው ለኩ።

ይህን ሁሉ አቶ አርአያ ችለውታል። ያልቻሉት የመዝገቡን ነገር ነው። መዝገቡ የቅርብ ወዳጃቸው ነው፤ ልጁ ናኦድ ላንቻ አንዲት ልጅ ወድዶ ሽማግሌ ሊላክ ነበር። መዝገቡ መጥቶ ሲቀመጥ ዓይን ዓይናቸውን አላይ አለ።

«ማለቴ… ዘንድሮ እንኳ እንዳናደክምህ ብለን ነው። ደጋጋ መሀል ቢቀመጥ ይሻላል ተባለ። እሱ፣ ማለቴ፣ ሞላ ያለ ነው።»

«ቤቱ የት ነው?» አሉ አቶ አርአያ።

«ላንቻ።»

«ላንቻማ በየቀኑ በእግሬ እሄዳለሁ።»

መዝገቡ ወይዘሮ ሲምረትን አየ። ሰውዬው መቃዠት ጀምሯል ብሎ ነው። አዘነላቸውና፣ በቃ እንግዲያው ጫፍ ላይ ትቀመጣለህ አለ።

ያን ሌሊት አቶ አርአያ ለሚስታቸው በትግርኛ ያሉትን ወይዘሮ ሲምረት ለማንም አልተረጎሙም። «አለቀሰ» ብቻ ብለዋል፣ ቆይተው።

የሽምግልናው ቀን ደጋጋ መሀል፣ አቶ አርአያ መጨረሻ ሆነው ገቡ። የልጅቷ አባት አቶ ረጋሳ የብረታ ብረት ነጋዴ ናቸው። እንግዶቻቸውን አንድ በአንድ ሲጨብጡ አቶ አርአያ ጋ ሲደርሱ እጃቸው ቆመ።

«እኚህን ሰውዬ አውቃቸዋለሁ።»

መዝገቡ ላብ አጠመቀው።

«በየማታው በሬ ላይ የሚያልፉት እርስዎ አይደሉም? ቆም እያሉ ጣሪያዬን የሚያዩት?»

«ነኝ» አሉ አቶ አርአያ።

«ለልማት ሊያፈርሱን የሚያጠኑ መስለውኝ እኮ ነው! ሰፈሩ ሁሉ ያወራል። ቤቱን ቀለም ላስቀባ አስቤ በእርስዎ ምክንያት ተውኩት!»

ሽማግሌዎቹ ግድግዳውን አዩት። እውነትም ቀለም ያስፈልገው ነበር።

አቶ አርአያ ተነሥተው ቆሙ። በሽምግልና ታሪካቸው ያን ያህል ተናግረው አያውቁም። ጉበታቸው ላይ ስብ እንዳለ፣ መጠጥ በአፋቸው ዞሮ እንደማያውቅ፣ የሚይዝም በሽታ እንዳይደለ፣ ሐኪሟ በእግርዎ ይሂዱ ብላቸው ሰፈራቸው ግን እንዳላስኬዳቸው፣ ላንቻ የመጡት የሚያውቃቸው ሰው ስለሌለበት እንደሆነ፣ ጣሪያ የሚያዩትም ሲደክማቸው እንደሆነ ተናገሩ። «ይቅርታ፣ ለቀለሙ» ብለው ተቀመጡ።

ከጓዳ በር የልጅቷ እናት ሳቃቸው አመለጣቸው። ቀጥሎ አቶ ረጋሳ ሳቁ። ደጋጋም ስብ የሚለው ቃል ሲነሣ በእጁ የሸፈነውን ሆዱን እንደያዘ ሳቀ። መዝገቡ ግን አልሳቀም፤ አቶ አርአያን ትክ ብሎ ሲያይ ቆየና «ይኼን ሁሉ ጊዜ ልትሞት መስሎኝ ነበር እኮ» አለ።

«ብትነግሩኝ ኖሮ እኔም እንዳልሞትኩ እነግራችሁ ነበር» አሉ አቶ አርአያ።

ለመልሱ ተቀጠሩ፤ በቀጠሮው ቀን ልጅቷ ተፈቀደች፣ ማዕድም ቀረበ። አቶ አርአያ ሰላጣ አነሡ። የልጅቷ እናት ግን በቅቤ የራሰ ዶሮ ወጥ ጠቅልለው «በልጄ ሞት!» ብለው አፋቸው አጠገብ አደረሱ። ሐኪሟ ስለ ጉርሻ የተናገረችው ነገር የለም። ጎረሱ። ዓይናቸው እንባ አቀረረ። ሽማግሌዎቹ ነገሩ ልባቸውን ነክቶት ነው ብለው በአክብሮት ፊታቸውን አዞሩ።

ከዓመት በኋላ አልትራሳውንዱ ሲደገም ስቡ ቀንሶ ነበር፤ ጨርሶ ግን አልጠፋም። ዶክተር ጦቢያ «አብረው ይኖራሉ፣ ግን እርስዎ ይምሩት» አለቻቸው። ጎናቸው አልፎ አልፎ ይከብዳቸዋል። ደረጃውን ግን ሳይቆሙ ይወጣሉ። ስብሰባ ላይ መተኛት ቀርቶባቸዋል፤ ስለዚህ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ይሰሙታል፣ ይህንንም ከሕክምናው ጉዳቶች አንዱ አድርገው ይቆጥሩታል። ለሽምግልና የሚጠራው አሁን ደጋጋ ነው።

አመሻሽ ላይ ወይዘሮ ሲምረትም አብረዋቸው መውጣት ጀመሩ። መጀመሪያ የወጡት ባላቸው ለስላሳ እንዳይጠጡ ሊጠብቁ ነው። ከዚያ ለመዱት። ቤት ውስጥ አንዱ ቴሌቪዥን ሲያይ ሌላው ደብተር ሲያርም የኖሩ ሰዎች መንገድ ላይ የሚያደርጉት ስለሌላቸው ያወራሉ፤ ስለ ልጆቻቸው፣ ስለ ማይጨው፣ ስለ ሞቱ ሰዎች። አንድ ቀን ወይዘሮ ሲምረት ጫማቸው ውስጥ ጠጠር ገብቶ፣ የባላቸውን ክንድ ይዘው በአንድ እግራቸው ቆሙ። አንድ መኪና ጥግ ያዘ።

«ጋሽ አርአያ! ይግቡ፣ ላድርሳችሁ!»

«ሂድ ልጄ» አሉ ወይዘሮ ሲምረት ጫማቸውን እያራገፉ። «ገና ወሬያችንን አልጨረስንም።»