ገና ያልወሰነው እስረኛ

የታሰርኩት በአንድ እሁድ ሁለት ስብሰባ ላይ በመገኘቴ ነው። ክልሉ ገና እየተቋቋመ ነበር፤ አሶሳም ለምርጫ ሽር ጉድ ትላለች። እኔ ከጎጃም ተመድቤ መንጌ ጤና ጣቢያ የምሠራ ጤና ረዳት ነበርኩ። ለሥራ አሶሳ መጥቼ ጠዋት የአንዱን ፓርቲ፣ ከሰዓት የሌላውን ንግግር ሰማሁ። ሁለቱም ጋ አጨበጨብኩ። ስወጣ አንድ ፖሊስ ክንዴን ያዘና፣ "ለማን ነው የምትሰልለው?" አለኝ።

ያስገቡኝ አሮጌ የማዳበሪያ መጋዘን ውስጥ ነው። ሽታው አፍንጫ ይቆጠቁጣል። ማንጎ የጣሪያው ቆርቆሮ ላይ ዱብ ባለ ቁጥር እንደነግጣለን። ውስጥ ያገኘኋቸው ሁለት እስረኞች ናቸው፤ የጠዋቱ ፓርቲ አባል የሆነ የሆሞሻ ነጋዴና የከሰዓቱ ፓርቲ አባል የሆነ የግብርና ሠራተኛ። ገበያ መሀል በፖለቲካ ተደባድበው ነው የገቡት።

"የማን ነህ?" አለ ነጋዴው፣ ሳልቀመጥ።

"ገና አልወሰንኩም።"

ተያዩ። ከድብድቡ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ የተስማሙት በእኔ ውሸታምነት ይመስለኛል።

"ወላሂ፣ እንዲህ ሰው የለም" አለ ነጋዴው። "ልብ ያውቃል። አፍ ነው የሚደብቅ።"

"አልወሰንኩም የሚል ሁሉ ወስኗል" አለ ሌላው።

በማግስቱ ዘበኛው የክፍል አለቃ ምረጡ አለን። ሁለቱም ተወዳደሩ፤ ሁለቱም ራሳቸውን መረጡ። ድምፅ ሳልሰጥ የቀረሁት እኔ ነኝ። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን የተከበርኩበት ጊዜ የለም! ነጋዴው ቴምር አቀረበልኝ፤ የግብርናው ሰው በመስኮቱ በኩል ያለውን መኝታውን ለቀቀልኝ።

"የሽንት ባልዲውን ማን ያወጣል?" ብዬ ጠየቅኩ።

"ወጣት ያወጣል" አለ ነጋዴው፣ እኔን እያየ።

"በተራ። እኔ እጀምራለሁ" አለ የግብርናው ሰው። እሱን መረጥኩ።

"ይኸው! የነሱ ነው!" ብሎ ጮኸ ነጋዴው።

አለቃችን ግን ሥልጣኑን እንደያዘ ወገቡን ያመው ጀመር። ባልዲው እኔው ላይ ወደቀ። ድጋሚ ይመረጥ አልኩና ድምፄን ለነጋዴው ሰጠሁ። ነጋዴው ሆዱን ይዞ ሳቀ፤ ከዚያ እጅጌውን ሰብስቦ ባልዲውን አነሳ።

በኋላ መርማሪው አስጠራኝ። የተጻፈ ወረቀት ገፋልኝ። "የማን እንደሆንክ ፈርምና ወደ ቤትህ ሂድ።"

ቤቴ በጣም ናፍቆኝ ነበር።

"ገና አልወሰንኩም፣ ጌታዬ። ምርጫውም ገና ነው።"

"መሀል ሰፋሪ!" ብሎ ወደ መጋዘኑ መለሰኝ።

ሳልፈርም መመለሴን ሁለቱም አዩ። ነጋዴው ጠጋ ብሎ መሀላቸው ቦታ ለቀቀልኝ። "እንዲህ ሰው አለ ለካ" አለ ለጓደኛው፣ በቀስታ።

ለምርጫው ጥቂት ሲቀረው ሦስታችንንም ለቀቁን።

አሁን ጡረታ ላይ ነኝ፤ ኑሮዬም አሶሳ ነው። አስተማሪ ልጄ፣ "አባዬ፣ ያልወሰነ መራጭ የሚባል የለም፤ ሁሉም በሆዱ ወስኗል" ትለኛለች። አልከራከራትም። ያኔ ለማን እንደመረጥኩም ለሷም ሆነ ለሁለቱ ወዳጆቼ ነግሬ አላውቅም። የወሰንኩት ግን እዚያው ሰልፉ ላይ፣ ተራዬ ሊደርስ ሲል ነው። ካርዱን ይዤ ስገባ ብቻዬን ፈገግ እያልኩ ነበር።