ባዶውን የሚሮጠው ማሽን

ባለፈው ወር ከመናኸሪያው ከፍ ብሎ ካለው የኤሌክትሮኒክስ ሱቅ ደጃፍ ላይ አንድ የመሮጫ ማሽን ቆሞ አየሁ። ላስቲኩ እንኳ አልተገፈፈለትም። የጭሮ ሰው አዲስ ዕቃ ሳይነካ አያልፍምና፣ ሁለት ጎልማሶች እጀታውን እየጨበጡ ይሳሳቃሉ። ባለሱቁ ድሮ ያስተማርኩት ነው፤ ሲያየኝ ወጣና ትሬድሚል ለስኳርም ለደም ግፊትም ፍቱን እንደሆነ፣ ከፈለግሁም ቤቴ ድረስ አምጥቶ እንደሚገጥምልኝ ነገረኝ። ምን ያድርግ፣ ንግዱ ነው። እኔ ግን ይህን ዕቃ ካንተ በፊት አውቀዋለሁ፣ ደህና አድርጎ ሸውዶኛል ብዬው አለፍኩ። ቤቴ እስክገባ ድረስ ከራሴ ጋር ስነታረክ ነበር። ከሃያ አምስት ዓመት በላይ ያስቆጠረው ነገር አሁንም ቆሽቴን ያሳርረዋል።

ያን ጊዜ ገና አስተማሪ መሆኔ ነው። አባዬ እዚሁ ጭሮ ገበያው ውስጥ ጨርቃ ጨርቅ ይሸጥ ነበር። ወንድሞቼ ተራ በተራ ናዝሬትና ድሬዳዋ ወጥተው ቀርተዋል፤ ቤት የቀረሁት እኔ የመጨረሻዋ ነኝ። አባዬ ደግሞ ከሁሉም አስበልጦ ይወደኝ ነበር። ይህን የምለው ልመጻደቅ ፈልጌ አይደለም፤ የነገሩ ሥር እሱ ስለሆነ ነው።

ደረጀ የደብረ ማርቆስ ልጅ ነው። ጤና መኮንን ሆኖ መሰላ ተመድቦ ነበርና ቅዳሜ ቅዳሜ ጭሮ ይወጣል። አንድ ቅዳሜ የሱሪ ጨርቅ ሊገዛ እኛ ሱቅ ገባ። አባዬ ጨርቁን እየለካ ሳለ ውኃ በጆግ ሲጠጣ፣ ትንሽ ቆይቶ ደግሞ ሲጠጣ ደረጀ አየና ምርመራ እንዲያደርግ ለመነው። እውነትም ስኳር ሆኖ ተገኘ። ከዚያ ወዲህ ደረጀ በየሳምንቱ አባዬን ሊጠይቅ ይመጣል ተባለ። አባዬን ብቻ እንዳልነበረ ለመገመት ብዙ ብልሃት አይጠይቅም።

መድኃኒቱን ካስጀመረው በኋላ በየቀኑ ላብ እስኪያወጣው መራመድ እንዳለበት ነገረው። እንግዲህ ጭሮ ውስጥ የተከበረ ነጋዴ ዝም ብሎ አይራመድም። የሚሄድበት ጉዳይ ሊኖረው ይገባል። አባዬ አንድ ማለዳ ሸራ ጫማ አጥልቆ ወደ ላይኛው መንገድ ፈጠን ፈጠን እያለ ወጣ። መጀመሪያ ጎረቤታችን ነጠላዋን አዘቅዝቃ ተከተለችው። ቀጥሎ ከገበያ ሰዎች ሥራቸውን ትተው ተቀላቀሉ። አባዬ ዳገቱ ላይ ትንፋሹን ሊሰበስብ ዞር ቢል፣ ማን እንደሞተ ያልጠየቀ ለቀስተኛ ከኋላው ተሰልፏል። ቤት ተመልሶ ጫማውን ወረወረና «ቆሜ ሳለሁ ለቅሶዬን ጀመሩልኝ» አለ። እማዬና እኔ ሆዳችንን ይዘን ሳቅን። እሱ ግን ሁለተኛ ለመራመድ ብሎ ከቤት አልወጣም።

በዚያው ሰሞን ደረጀ ሽማግሌ ላከብኝ። ዘመዶቹ ሩቅ ስለነበሩ የላከው ሐጂ አህመድን ነው። ሐጂ የአባዬ የልብ ወዳጅ፣ የእህል ነጋዴ፣ እኔንም በሕፃንነቴ ትከሻቸው ላይ ያሳደጉኝ ሰው ናቸው። በመጀመሪያው ቀን እሺ እንደማይባል የታወቀ ነው፤ ወጉ መመላለስ ነው። የአባዬ መልስ ግን ከወጉም ያማረ ነበር። ልጁን ወድጄዋለሁ አለ፤ ነገር ግን አንዲት ልጄን ታምሜ ሳይሆን ቆሜ መዳር እፈልጋለሁ፣ ስኳሬ ይውረድልኝና ያን ጊዜ ኑ። በሽተኛ ሰው እንዲህ ሲል ማን ይከራከረዋል? ሐጂም «ወላሂ፣ የአባት ቃል ነው» ብለው ተነሡ። እኔ ከበሩ ጀርባ ሆኜ ስሰማ እንባዬ መጣ። በደስታ ነው ያለቀስኩት።

እንግዲህ ትዳሬ በአባዬ እግር ላይ ተንጠለጠለ ማለት ነው። ከተራመደ ስኳሩ ይወርዳል፣ ከወረደ እዳራለሁ። ቦርደዴ አጠገብ የነበረ የመንገድ ሥራ ካምፕ ሥራውን ጨርሶ ዕቃ ሊሸጥ መሆኑን፣ ከዕቃው መሀልም የመሮጫ ማሽን እንዳለ ስሰማ እግሬ መሬት አልነካም። ከደመወዜ ያጠራቀምኩትን ይዤ በሐጂ የጭነት መኪና ወረድኩ። ጥቅምት ነበር፤ ማሽላው በየማሳው ራሱን ደፍቷል። ከጭሮ ቁልቁል ሲወርዱ ብርዱ ቀስ በቀስ ይለቅና ሚኤሶ ላይ ሙቀቱ በመስኮት ይገባል። እዚያ ቆመን የግመል ወተት ጠጣን። ሾፌሩ ኦቾሎኒ እየፈለፈለ፣ የምንሄደው ከቦታው ፈቀቅ የማያደርግ መሮጫ ልናመጣ መሆኑ ሊገባው አልቻለም። ሰው ለመድረስ ካልሆነ ለምን ይሮጣል እያለ መንገዱን ሙሉ ጨቀጨቀኝ። የካምፑ ጠባቂ ማሽኑን አስነሥቶ አሳየኝ። ቀይ ገመድ አለው፤ ጫፉን ልብስ ላይ ይቆነጥጡታል፣ ሰው ከወደቀ ገመዱ ተነቅሎ ማሽኑ ይቆማል። ይሄ ሁሉ ጥንቃቄ ለአባዬ የታሰበ መሰለኝና ደስ አለኝ።

ክብደቱ ጉድ ነው። ወዛደሮቹ ዳገቱን እያለከለኩ አወጡትና በራችን ጠበበ፤ በሩን ነቅለን አስገባነው። የእንግዳ ክፍሉ ውስጥ ተተከለ። የጭሮ መብራት ደግሞ እንደ ሙሽራ ይሽኮረመማል፤ ሲቀንስ ማሽኑ ይንቀጠቀጥና ይጠፋል። የኃይል ማመጣጠኛ ገዝቼ ገጠምኩለት። ሰው የሚራመድበት ሸራ መሽከርከሩ ሲከብደው ቅባት እንደሚፈልግ ሰማሁ፤ ምን ዓይነት እንደሆነ የሚነግረኝ ጠፍቶ የእማዬን የስፌት ማሽን ዘይት አጠጣሁት። ወደ አንድ ጎን ሲሸሽ ከብስክሌት ጠጋኝ መፍቻ ተውሼ የኋላውን ብሎን እያጠበቅሁ ወደ መሀል መለስኩት። ባል ለማግባት መካኒክ የሆነች ሴት እኔ ብቻ ሳልሆን አልቀርም።

አባዬ ማሽኑን ወደደው። ምሳውን በልቶ ትንሽ ካረፈ በኋላ ሐጂ ይመጣሉ፤ አብረው ይገቡና በሩ ይዘጋል። ሽማግሌ ሰው ሲያለከልክ መታየት ነውር ነው አለ፤ እኔም እውነት ነው አልኩ። ከበሩ ውጭ ሆኜ የልጆች ደብተር ሳርም የማሽኑ ድምፅ ግርርር ሲል እሰማለሁ። ከዘፈን ይጥመኝ ነበር። ማታ ማታ ቁጥሩን አንብቦ ኪሎ ሜትሩን በአገር ይተረጉምልናል። ዛሬ ቁልቁለቱን ጨረስኩ፣ በዚህ ሳምንት መሰላ ገባሁ፣ በሚቀጥለው ቦኬ ገበያ እውላለሁ ይላል። ቅዳሜ ደረጀ ሲመጣ «አባዬ እኮ በዚህ ሳምንት አንተ ጋ ደርሶ ተመልሷል» እለዋለሁ። እንዴት ያለ ሳቅ እንስቅ ነበር!

ስኳሩ ግን አልወረደም። በተለካ ቁጥር ያው ነው፤ አንዳንዴም ይብሳል። ደረጀ መድኃኒቱን ቀየረ፣ መጠኑን ጨመረ፣ መጽሐፎቹን እንደገና አገላበጠ። እንዲህ እየተራመደ ያልወረደው እኔ አንድ ነገር ስቼ ነው እያለ ራሱን ይወቅስ ነበር። በጥር ወደ አገሩ ዝውውር መጣለት። ጾም ሳይገባ እንጋባ ብሎ ሐጂን እንደገና ላከ። አባዬ አንገቱን ደፍቶ ስኳሬን አይታችሁታል፣ ምን ላድርግ አለ። ሐጂም ይህንኑ ለደረጀ አደረሱ። መናኸሪያ ልሸኘው ስሄድ ደረጀ «አባትሽን ትተሽ ነይ አልልሽም፤ ሲሻለው ንገሪኝ» አለኝ። አውቶቡሱ ኩርባውን እስኪታጠፍ አይቼ ተመለስኩ፤ አባዬ ብርታት እንዲያገኝም ተስያለሁ።

ከዚያ በሱቃችን ስልክ ይደውል ጀመር። ክረምቱ ሲገባ ጥሪው ሳሳ። እኔ ማሽኑ ላይ በረታሁ፤ አቧራውን እጠርጋለሁ፣ ዘይት እጨምራለሁ። መስከረም አልፎ የማሽኑ ድምፅ ተለወጠብኝ። አንድ እሑድ አባዬ ከቤተ ክርስቲያን ሳይመለስ ማሽኑን ላየው ገባሁ። ባዶውን ሳስነሣው ሸራው ደህና ይሽከረከራል። ወጣሁበትና አንድ እርምጃ ስራመድ ሸራው ከእግሬ ሥር ቆመ፤ ሞተሩ ብቻ ይጮኻል። ወረድኩ፤ እንደገና ይሽከረከራል። ወጣሁ፤ ቆመ። ያ የማይሆን ዘይት ሸራውን አላልቶት ኖሮ ሰው መሸከም አይችልም። እኔን ቀጭኗን ያልተሸከመ አባዬን እንዴት ይሸከማል? አባዬ ደግሞ ትናንትም፣ ከትናንት በስቲያም ተጉዣለሁ ብሎናል።

ክው አልኩ። ቢሆንም ለአባቴ ምክንያት ፈለግሁለት። ዛሬ የተበላሸ ይሆናል ብዬ ለማንም ትንፍሽ ሳልል፣ ምንም ሳልነካው ተውኩት። ሰኞ ማታ ማሽኑ እንዴት ዋለ ብዬ ጠየቅሁት። «ዛሬ እንኳ እንደ ፈረስ ነው የጋለበኝ» አለኝ፣ ዓይን ዓይኔን እያየ። እማዬ ወጡን ማማሰል አቆመች። እሷን ሳያት ፊቷን አዞረች።

በማግሥቱ የከሰዓት ክፍሌን ለባልደረባዬ ሰጥቼ ወደ ቤት ሄድኩ። ከበሩ ውጭ ድምፁ እንደ ወትሮው ግርርር ይላል። ሳላንኳኳ ከፈትኩት። ማሽኑ ባዶውን ይሮጣል፤ ቀዩ ገመድ መጋረጃው ጫፍ ላይ ተቆንጥጧል። አባዬና ሐጂ ፍራሽ ላይ ትራስ ተደግፈው፣ ጫታቸውን መሀል አድርገው፣ ፔፕሲ በብርጭቆ ቀድተው ይጫወታሉ። እማዬ ያፈላችው ሻይም በፔርሙስ አለ። ያመኑት ፈረስ ይጥላል በደንደስ ይባላል፤ እኔን የጣሉኝ ሦስት ናቸው። ደረጀ አማላጅ ብሎ የላካቸው ሰው፣ ያ ማሽን አንድ ቀን እንኳ ሰው እንዳልወጣበት እያወቁ፣ አልወረደለትም የሚለውን መልስ ተሸክመው ይመላለሱ ነበር። ሐጂ ጥምጥማቸውን አስተካክለው «ያ ኢንተላ ኮ፣ ልጄ…» ብለው ጀመሩና ብርጭቆውን ወደ ጎን ገፋ አደረጉ።

እኔ ማሽኑን አጠፋሁት። ቤቱ ጸጥ ሲል አባዬን ለምን አልኩት። ሰነፍኩ፣ ጉልበቴ እምቢ አለኝ ይለኛል ብዬ ነበር። እንዲያ ቢለኝ ኖሮ ምናልባት እስቅ ነበር።

«ስኳሬ ቢወርድ ትሄጂ ነበር» አለ። «ጎጃም ሩቅ ነው፣ ጽጌ። ሁሉም ሄዷል።»

እማዬ ከኋላዬ መጥታ ቆማ ነበር። ተይው ልጄ፣ አንቺን ማጣት አቅቶት ነው አለችኝ። ለእኔ ሲል የሚራመድ የመሰለኝ አባቴ እኔን ለማስቀረት ሲል ራሱን ሲያሳምም ነበር። እንዲህ ያለውን ነገር ሰው ምን ብሎ ይሳደባል? ጠላትን የሚሰድቡበት ስድብ አባት ላይ አይወጣ። ወጥቼ ሱቁን ከፈትኩና ደብረ ማርቆስ ደወልኩ። ደረጀ ቀስ ብሎ፣ እኔ ስቀር እናቱ ሽማግሌ ልካለት እሺ እንደተባለ፣ ሠርጉ ለጥር እንደተቆረጠ ነገረኝ። አባዬ እንዴት ነው ብሎ ጠየቀኝ። ደህና ነው አልኩት። ለእሱ የአባቴን ጉድ መንገር አልቻልኩም፤ እስካሁንም መድኃኒቱን የሳተ ይመስለው ይሆናል።

ከዓመታት በኋላ እዚሁ ጭሮ አስተማሪ አገባሁ፤ ደግ ሰው ነው፣ አልተጎዳሁም። አባዬ በሠርጌ ቀን አንድ እግሩን አጥቶ በወንበር ተቀምጦ ነበር። ቆሜ እድራለሁ ያለው አባቴ ተቀምጦ ዳረኝ። እስኪሞት አጠብኩት፣ መድኃኒቱን ወጋሁት፣ ቁስሉን ጠረግሁ። አገር ምድሩ መረቀኝ። ስለ ማሽኑ ግን ሁለተኛ አንሥተን አናውቅም።

ባለፈው እሑድ ለሴት ልጄ ሽማግሌዎች መጡ። ልጁ የጎንደር ነው። ባለቤቴ ወጉን ያውቃል፤ ጉሮሮውን ጠራርጎ እስቲ እንመካከርበትና ሊል አፉን ሲከፍት ቀደምኩትና እሺ ብለናል፣ ውሰዷት አልኩ። ሽማግሌዎቹ የቀረበላቸውን እንኳ አልቀመሱም ነበር። አንደኛው ደንግጦ «ኧረ እሜቴ፣ ልጅ እንዲህ ይሰጣል እንዴ? አንድ ጊዜ እንኳ መልሱን እንጂ» አለኝ። ባለቤቴ እስካሁን አኩርፎኛል። ልጄም አልወደድሽኝም ወይ ብላ አለቀሰች።

ጎንደር ከደብረ ማርቆስም ይርቃል። ሌሊቱን ሳልተኛ አደርኩ፤ እሷ ከሄደች በኋላ በዚህ ቤት የሚሰማው የእኔና የባሌ ሳል ብቻ እንደሚሆን አውቃለሁ። አባዬም ያኔ የፈራው ይህንን ነበር፤ ፍርሃቱ ዛሬ ገባኝ። እኔም እኩል ፈርቻለሁ። ልጄን ግን አልዋሸኋትም።