በርኅራኄ የተዛወረች

ያን ቀይ እስክሪብቶ ሳስበው እስካሁን ደሜ ይፈላል።

ከሞጣ ተቀይሬ ቢቸና የገባሁት በልዩ ፍላጎት መምህርነት ነው። ከተሰጡኝ ተማሪዎች አንዷ አራተኛ ክፍል የምትማር ዓይነ ስውር ልጅ ነበረች፤ አባቷ ቅኔ ያስተምራሉ። ትምህርት ቤቱ ብሬል የሚባል ነገር የለውም። ልጅቷ ግን አንዴ የተነበበላትን ምዕራፍ በማግሥቱ ቃል ሳትገድፍ ትወጣዋለች፤ መሐል ላይ አቁማችሁ ብትጠይቋት ደግሞ በራሷ አነጋገር ታስረዳችኋለች። ስለዚህ የግል የትምህርት እቅዷን ሳዘጋጅ «ጠንካራ ጎን» በሚለው ሥር ይህንኑ ጻፍኩ። «ፈተናዋን በቃል ትፈተን» ብዬም ጨመርኩ። እቅድ የሚነሣው ልጁ ካለው ነገር ነው እንጂ ከጎደለው አይደለም፤ እኔ የተማርኩት እንደዚያ ነው።

ርዕሰ መምህሩ አየውና በቀይ ሰረዘው። «ችግሮች» በሚለው ሥር አንዲት ቃል ጻፈ፦ ሽምደዳ።

«በቃል መያዝ እኮ ዘመናዊ ትምህርት የሚዋጋው ነገር ነው» አለኝ።

ይህን የሚለኝ ማን ነው? በልጅነቱ ዳዊትን በቃሉ መድገሙን ሻይ በጠጣን ቁጥር የሚያወራልን ሰው! ያውም እዚህ አገር፣ ስንቱ ባለ ዓይን ከዓይነ ስውር መምህር እግር ሥር ቁጭ ብሎ ቅኔ በተማረበት። የዓባይን ልጅ ውኃ ጠማው ማለት ይሄ ነው።

የማጠቃለያው ፈተና ቀን እንደ ሌሎቹ ልጆች ወረቀት ሰጧት። ሰዓቱ እስኪያልቅ እጇን ወረቀቱ ላይ አድርጋ ተቀመጠች። ዜሮ አገኘች።

አባቷ መጡ። «መምህርት፣ ልጄን ልውሰዳት፤ እንግዲህ ቤት ትዋል» አሉኝ። «የኔታ፣ ትንሽ ይታገሱኝ» አልኳቸውና ሁለቱንም ይዤ ርዕሰ መምህሩ ቢሮ ገባሁ። እሱ ፊት ፈተናውን አነበብኩላት። ከሃያው ጥያቄ አሥራ ዘጠኙን መለሰች። ርዕሰ መምህሩ የውጤት መዝገቡን ስቦ ጻፈ።

«ምን ተጻፈ?» አለች ልጅቷ።

ማንበብ አሳፈረኝ፤ ግን አነበብኩላት፦ «በርኅራኄ ወደ አምስተኛ ክፍል ተዛውራለች።»

«መልሼ የለ እንዴ? ታዲያ ስለ ምን ይታዘንልኛል?» አለች። «ስለመለሰች አለፈች ብለው ይጻፉልኝ። ካልሆነ እደግማለሁ።»

አባቷ ወደ እሷ ዞረው «እንዳልሽ» አሉ።

ርዕሰ መምህሩ ግን በጽሑፍ ካልተፈተነች ውጤት አይሞላላትም ብሎ ድርቅ አለ። የጻፈውን ሰረዘና «ትድገም» አለ። ጮህኩበት። ወረዳ ድረስ ሄጄም ጮህኩ፤ «እናየዋለን» አሉኝ፣ እስካሁን እያዩት ነው።

ዘንድሮም አራተኛ ክፍል ናት። ባለፈው ሳምንት ርዕሰ መምህሩ በራፍ ላይ ቆሞ ሲያዳምጥ፣ የጠየቅሁትን ሁሉ ከማንም ቀድማ መለሰች። ከክፍል ስወጣ ደስ ብሎት ጠበቀኝ።

«አየሽ» አለኝ፣ «መድገሟ ጠቀማት።»